የእትዬ ሐዋ የበረት ቀሚስ

ሳሊሃ ሰው ማስመሰል ትችልበታለች። ኮምቦልቻ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይከቧታል። እሷም የፈረቃ አለቃቸው ሆዱን አስቀድሞ ሲገባ፣ የበሩ ዘበኛ እያዛጋ ቦርሳ ሲፈትሽ፣ የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ከመነጽሯ በላይ ሰው ስታይ፣ ሁሉንም ተራ በተራ ታሳያቸዋለች። የምትወስደው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ትከሻውን፣ ትንፋሹን፣ ሊናገር ሲል ከንፈሩን የሚያረጥብበትን ሁኔታ ሳይቀር ትይዘዋለች። ክፋት ኖሮባት አይደለም። ሰው ሲስቅላት ደስ ይላታል፤ ደስ ካላት ደግሞ ማቆሚያውን አታውቀውም።

ነሐሴ ላይ ደሴ ያሉት አማቷ እትዬ ሐዋ ከበረታቸው ደጃፍ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ባሏ ሚስባህ ለእናቱ አንድ ነው። ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ስለሆነ ወሬው የደረሰው በረሃ ላይ እያለ ነው። በሚቆራረጥ ስልክ፣ እኔ እስክመጣ እናቴን አደራ ብሎ ለመናት። ሳሊሃም ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ፣ ልብሷን በአንድ ሻንጣ አጭቃ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች።

እትዬ ሐዋ ከሆስፒታል ወጥተው በጦሳ ተራራ ግርጌ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ተኝተዋል። ባላቸው የሞቱባቸው ሚስባህ ገና ዳዴ ሲል ነው። ልጃቸውን በወተት ያሳደጉ፣ ከጎረቤት እሳት መጫር እንኳ የማይወዱ ሴት ናቸው። አሁን ግን ያለ ሰው እጅ መገላበጥም አልቻሉም። ሳሊሃ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ሌሊት ሲጠሯት ተነስታ ፖፖ ታቀርብላቸዋለች። ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሳሊሃ... ልጄ... አስቸገርኩሽ» ይሉና ጉዳያቸው እስኪያልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሳሊሃ በዚህ አልተማረረችም። በኋላ ለራሷ ደጋግማ የነገረችው ይህንኑ ነው፤ እኔ እኮ በማስታመሙ አልተማረርኩም ነበር እያለች።

ያስቸገረቻት ላሟ ነበረች። ዳልቻ ትባላለች፤ አመድማ ስለሆነች የወጣላት ስም ነው። ጊደር ሆና ከተገዛች ጀምሮ ከእትዬ ሐዋ በቀር የማንም እጅ ጡቷን ነክቶት አያውቅም። እሳቸው ሆስፒታል በሰነበቱ ጊዜ ጎረቤቶች ጥጃውን እየለቀቁ ያስጠቧት ነበር እንጂ ላልባት ብሎ የደፈረ አልነበረም። ሳሊሃ በመጣች በማግስቱ የቆርቆሮ ባልዲ አንጠልጥላ በረት ገባች። ጥጃው ጥቂት ሲጠባ ወተቱ መጣ። ጥጃውን አስራ እጇን ስትሰድ ግን ዳልቻ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ወገቧን አጎበጠችና ወተቷን ሳበችው። ሳሊሃ አባበለቻት፣ ፉርሽካ አቀረበችላት፣ በመጨረሻም ጮኸችባት። ዳልቻ ባልዲውን ረግጣ ደፋችው። እንዲህ ሲታገሉ ሰንብተው ጡቷ ተወጠረ፤ አንደኛው ወገን ሲነኩት ያቃጥል ጀመር።

አጥር የምትጋራቸው ረውዳ የእንስሳት ሐኪም ጠራችላት። ሐኪሙ ፈንታሁን ይባላል፤ በሞተር ሳይክል እየዞረ የከተማውን ከብት የሚያክም፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ዳልቻን ዳሰሳት፣ ሙቀቷን ለካ፣ ከዚያ ላሟን ትቶ ሳሊሃን ያጤናት ጀመር። ምን እንደምትቀባ ጠየቃት። ሳሊሃ ሽቶ ያለው ቅባት እንደምትቀባ ነገረችው። ባልዲውን በጣቱ ቢያንኳኳው የዳልቻ ጆሮዎች እኩል ተገተሩ።

«ላሟ አልከለከለችሽም፤ ፈርታሽ ነው» አላት። «የፈራች ላም ወተቷ አይወርድም። ላውርድ ብትልም አይወርድላትም።»

ከዚያ በረቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ላም ዓለምን እንዴት እንደምታውቅ አስረዳት። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ራሷን ሳታዞር ከጭራዋ በስተኋላ ካለችው ጠባብ ቦታ በቀር ዙሪያዋን ታያለች፤ የምታየውን ግን እንደ ሰው አጥርታ አታይም፣ መሬት ላይ ያረፈ ጥላ ጉድጓድ መስሎ ሊያስደነግጣት ይችላል። ጆሮዋ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ እኛን የማይረብሸን የቆርቆሮ ድምፅ እሷን ይወጋታል። አፍንጫዋ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ሰውን በላቡ፣ በልብሱ፣ በእጁ ጠረን ትለየዋለች፤ ያደረ ጠረን ሳይቀር ታነባለች። እትዬ ሐዋ ለዳልቻ መልክ ብቻ አይደሉም አለ ፈንታሁን፤ ጠረን ናቸው፣ ኮቴ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍቶባት በምትኩ ሽቶ የተቀባች ፈጣን ሴት ከነባልዲዋ መጣችባት።

መርፌ ወጋላትና፣ ወተቱ ካልወጣ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማያድናት አስጠነቀቀ። ቅባቱን ተይ፣ ባልዲውን ተይ፣ ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ሴትየዋ ለበረት የሚለብሱት ልብስ ካለ ሳይታጠብ ልበሺው ብሏት ሄደ።

ልብሱ ነበረ። የእትዬ ሐዋ የበረት ቀሚስ ከጓዳው በር ጀርባ ምስማር ላይ፣ ከሚያስሩት ሻሽ ጋር፣ የወደቁ ዕለት ሰው አውልቆ እንደሰቀለው ተንጠልጥሏል። ሳሊሃ ልትጠይቃቸው ሁለት ጊዜ አልጋቸው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። አልጋ ላይ የወደቀን ሰው ልብስዎን ልልበስ ማለት ከነሕይወታቸው ልብሳቸውን መከፋፈል መሰላት። ስለዚህ አልጠየቀችም። ንጋት ላይ እሳቸው ሲያሸልቡ ቀሚሱን ከምስማሩ አውርዳ በረት ውስጥ ለበሰችው። እበት፣ ቅቤ፣ የወይራ ጭስና የአሮጊት ላብ ይሸታል።

ዳልቻ አፍንጫዋን ወደ እጅጌዋ ዘርግታ ረዥም ትንፋሽ ሳበች። ሳሊሃ ደስ ብሏት ፈጠን ብላ ወደ ጎኗ ስትዞር ግን የላሟ ጆሮዎች ኮቴዋን ተከትለው ዞሩና ቆዳዋ ተርገበገበ። ሳሊሃ ቆመች። ከበረቱ ወጣችና እንደገና ገባች፤ በዚህ ጊዜ የገባችው በእትዬ ሐዋ አረማመድ ነው። እትዬ ሐዋ ከመውደቃቸውም በፊት ግራ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ቀኝ እግራቸውን ያሳርፉና ግራውን ሳብ አድርገው ያመጡታል። ለዒድ ስትመጣ አይታዋለች፤ አንዴ ያየችው ደግሞ አይጠፋባትም። ዝቅ ካለችው የማለቢያ ዱካ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የፊት ጥርሳቸው ስለሌለ በሚያፏጭ አፍ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ሲያልቡ ቃል የሌለው መንዙማ በአፍንጫቸው ያዜማሉ። ሳሊሃ ሁሉንም አደረገች። ጥጃውን ለቅቃ መለሰችው፣ እጇን ሰደደች፤ ወተቱ በባልዲው ፈንታ በያዘችው ማለቢያ፣ በግሬራው ውስጥ መንዠቅዠቅ ጀመረ።

ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደግፋ፣ የሆዷን ሙቀት እየሰማች ስታልብ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጥሩ ነገር የሠራች መስሏት ነበር፤ ሠርታም ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ትኩስ ወተት ስታቀርብላቸው እትዬ ሐዋ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። እንዴት ሰጠችሽ ብለው ጠየቋት። ሳሊሃ ለመደችኝ አለቻቸው።

«እንዲህ ቶሎ?» አሉ እትዬ ሐዋ።  ወተቱን እስከ ግማሽ ብቻ ጠጡት።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታት አለፉ። የዳልቻ ጡት ዳነ። ሳሊሃ ጠዋትና ማታ ቀሚሱን ትለብሳለች፣ ስትጨርስ በረቱ ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ እትዬ ሐዋ ከምስማሩ ላይ መጥፋቱን አይተው እንደሆነ ወይም እንዳላዩ አታውቅም።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ረውዳና አረጋሽ በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። አረጋሽ ከእትዬ ሐዋ ጋር ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ሰፈር የኖሩ፣ በፋሲካና በዒድ የሚጠራሩ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው። ረውዳ ወጣት ናት፣ ሳቂታ። ጥቂት አጫውተዋቸው እትዬ ሐዋ ዓይናቸው ሲከደን ጊዜ ሦስቱ ሴቶች በእግር ጣታቸው ወጡና ግቢው ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ያለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ከብዙ ዝናብ በኋላ ፀሐይ ወጥታለች። ረውዳ ያቺ ላም እንዴት እሺ አለችሽ ብላ ጠየቀች። ሳሊሃ ሳቅ አለችና ቆዩኝ ብላ በረት ገባች።

ስትወጣ እትዬ ሐዋን ሆና ነው የወጣችው። ሻሹን ራሷ ላይ አስራለች፤ ቀኝ እግሯ አረፈ፣ ግራው ተስቦ መጣ። ረውዳ አፏን በእጇ ያዘች። ሳሊሃ የግቢውን ወገብ አቋርጣ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሚያፏጭ አፍ ቢስሚላህ ብላ የሌለ ዱካ ላይ ተቀመጠች። በአፍንጫዋ መንዙማውን አዜመች። ከበረቱ ዳልቻ እምቧ ስትል ረውዳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አረጋሽም ሳቁ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት። እስከዚያ ድረስ ያደረገችው ለላሟ የምታደርገው ነው፤ ማንም ቢያይ ምክንያቱ ይገባዋል። ግን ሁለት ሴቶች ከልባቸው እየሳቁላት ነው፤ ከኮምቦልቻ ከወጣች ወዲህ ማንም አልሳቀላትም። ከመደቡ ጫፍ ላይ ጋደም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እየተቃሰተች፣ «ሳሊሃ... ልጄ... አስቸገርኩሽ» አለች። አንድ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ፖፖውን በዳበሳ ፈለገች። ረውዳ ሆዷን ይዛ ተጠቀለለች።

ቀድመው ሳቃቸውን ያቆሙት አረጋሽ ናቸው። ዓይናቸው ከሳሊሃ ራስ በላይ ሄዶ ቀረ። ሳሊሃ ቀና ብላ ብታይ የመስኮቱ መዝጊያ ቤቱን እንዲያናፍስ ብላ ጠዋት ራሷ እንደከፈተችው ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ምንም አይሰማም። አረጋሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳይሰናበቱ ወጡ። ረውዳ ምን ሆኑ እያለች ተከተለቻቸው።

ሳሊሃ ቀሚሱን በረት ውስጥ አውልቃ ጥላ ገባች። እትዬ ሐዋ በጀርባቸው ተንጋለው ጣሪያውን ያያሉ። የሚቆጥሩት ተስቢሃ ጣታቸው መካከል አለ፤ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም።

«ሄዱ?» አሉ።

«ሄዱ እቴቴ።»

«ደግ።»

ያን ሌሊት አልጠሯትም። ሳሊሃ እፎይ ብላ ተኝታ አደረች፤ ተኝተው ነበር ማለት ነው፣ አልሰሙም ማለት ነው እያለች። ጠዋት ልታነሳቸው ስትመጣ ግን ፍራሹ እስከ ወገባቸው ርሶ፣ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ነቅተው አገኘቻቸው። ለምን አልጠሩኝም ስትላቸው እንቅልፍሽን እንዳልቆርጠው ብዬ ነው አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ፍራሹን አውጥታ አጥር ላይ ስትሰቅለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ መሰላት።

በሚቀጥሉት ቀናት ሌላ ነገር አስተዋለች። እትዬ ሐዋ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ውኃ መጠጣት ትተዋል። ሻይ ብታቀርብላቸው ከንፈራቸውን አስነክተው ይመልሱታል። ሌሊት ላለመጥራት ብለው ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሳሊሃ ቅባት ልትቀባቸው ስትጎነበስ ዓይናቸውን ይከድናሉ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እላቸዋለሁ ብላ ትነሳና ኩባያውን አንስታ ትወጣለች። ሰምተው ካልሆነስ፣ እኔው በአፌ ላሰማቸው ነው ትላለች። እንደሰሙ ግን ታውቃለች።  ሚስባህ ሲደውል እናቴ እንዴት ናት ይላታል፤ ደህና ናቸው ትላለች፤ አላህ ይስጥልኝ ሲላት ስልኩ እጇ ላይ ይከብዳታል።

ጠዋትና ማታ ግን ያንኑ ቀሚስ መልበስ ነበረባት፣ የላሟ ጡት እንደገና እንዳይታመም። አሁን በዚያ እግር ስትራመድ ቆዳዋ ይሸማቀቃል፤ ቢስሚላህ ስትል ድምፅዋ ይጠፋል። ዳልቻ ስለ ሳቁ የምታውቀው ነገር የላትም። እንደ ወትሮው እጅጌዋን አሽትታ ወተቷን ትሰጣለች።

ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ የከረመው ሚስባህ በጥቅምት መጀመሪያ መጣ። እናቱን ሐኪም ጋ ወስዷቸው ነበርና በባለ አራት እግር የብረት ድጋፍ እየታገዙ እንዲቆሙ ተፈቅዶላቸው ተመለሱ። እትዬ ሐዋ ሲቆሙ ከድሮው አጥረዋል። ወዴት ልውሰድሽ እማ ሲላቸው ዳልቻን ልያት አሉ።

ሳሊሃ ልክ ያን ጊዜ አልባ መጨረሷ ነበር። የብረቱን ድምፅ ሰምታ ቀሚሱን ልታወልቅ ስትጣደፍ እናትና ልጅ በረቱ ደፍ ላይ ደረሱ። እትዬ ሐዋ ቀሚሳቸውን አዩት። ሻሹንም አዩት። ድጋፉን ትንሽ ወደ ፊት አስቀድመው ጠጋ አሉና መዳፋቸውን ወደ ላሟ ዘረጉ።

«ዳልቻ» አሉ። «ነይ የኔ እናት።»

የዳልቻ ጆሮዎች ወደ ድምፃቸው ዞሩ። አንገቷን ዘርግታ መዳፋቸውን አሸተተች። ለወራት የታሹበት የዳሌ ቅባት፣ ከሆስፒታል የመጣው የመድኃኒት ጠረን፣ አዲሱ ነጠላ ጫማ፣ ሲሚንቶው ላይ የሚንቋቋው ብረት ሁሉ አብሮ መጣባት። በአፍንጫዋ እፍ ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ገመዱ እስኪወጠር ሸሸችና ራሷን ወደ ሳሊሃ አዙራ አፍንጫዋን ቀሚሱ ውስጥ ሸጎጠችው።

ሚስባህ ነገሩ ገርሞት ሳቀ። ተሳስታ ነው እማ፣ ልብስሽን አይታ ነው አለ።

እትዬ ሐዋ እጃቸውን መልሰው ብረቱን ያዙ። «አልተሳሳተችም» አሉ።

ሳሊሃ አንድ ነገር ማለት እንዳለባት ተሰማት። ብረቱ አስደንግጧት ነው እንጂ አውቃዎታለች፣ ብረቱን አስቀምጠው ቢሞክሩ አለች። እትዬ ሐዋ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩዋት።

«ተይ ልጄ። አትዘኚልኝ።»

ዞረው ለመግባት ረዥም ጊዜ ፈጀባቸው። ሳሊሃ በረቱ ውስጥ እንደቆመች ቀረች፤ ላሟ አሁንም እጅጌዋን ታሸታለች፤ ቀሚሱን ከላይዋ ቀዳ ልትጥለው ፈለገች።

በማግስቱ ሚስባህ ጭነት ነበረውና በጠዋት ወረደ። ሳሊሃ ቁርስ ሳታቀርብ፣ ባዶ እጇን ገብታ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ አውፍ በሉኝ።»

«ስለ ቀሚሱ ነው?»

«ስለ ቀሚሱም።»

«ቀሚሱን ለላሟ ብለሽ ነው የለበስሽው። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር» አሉ። ከዚያ ጠበቁ።

ሳሊሃ ያን ዓርብ፣ ረውዳና አረጋሽ የመጡ ዕለት ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እትዬ ሐዋ ተስቢሃቸውን ትራሱ ላይ አኖሩት።

«ሸለብ አድርጎኝ ነበር» አሉ። «ድምፄ ከውጭ ሲጣራ ሰማሁት። ሳሊሃ፣ ልጄ፣ አስቸገርኩሽ ይላል። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ሞቼ ይሆን እንዴ ብዬ ከንፈሬን ዳሰስኩት። ወላሂ ነው የምልሽ፣ ነፍሴ ወጥታ ግቢው ውስጥ የምትጣራ ነው የመሰለኝ። ኋላ ረውዳ ስትስቅ ሰማኋት።»

ሳሊሃ ታለቅስ ጀመር።  ማልቀሱ ሲበቃት እትዬ ሐዋ፣ «ተነሽና አሳዪኝ» አሏት።

ምኑን አለች ሳሊሃ፣ ገብቷት ሳለ።

«ለነሱ ያሳየሽውን። ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

ለመነቻቸው። አይሆንም አሉ። ተነስታ ከበሩ እስከ ሳጥኑ ድረስ ጥቂት እንደማነከስ ብላ ሄደች። እንደሱ አይደለም አሉ እትዬ ሐዋ፤ ለሰው ስታሳዪ እንዲህ አድርገሽማ አይስቁም። ሳሊሃ ወደ በሩ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ቀኝ እግሯን አሳረፈች፣ ግራውን ሳበች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ በሚያፏጭ አፍ ቢስሚላህ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ያን ጥሪ ተጣራች። ድምፁ ልክ እንደሚሆን ታውቃለች። ልክ መሆኑ ነው አጥንቷ ድረስ የተሰማት።

ስትዞር እትዬ ሐዋ ብዙ ዘመን ያላዩትን ሰው እንደሚያዩ ሆነው ያይዋት ነበር።

«እንዲህ ነኝ?» አሉ።

አይደሉም ልትል ነበር። ውሸት ይሆንባታል። «አዎ እቴቴ» አለች።

«መቼ እንዲህ ሆንኩ?» ይህን የጠየቁት እሷን አይደለም። ከዚያ ወደ ሳሊሃ ዞረው፣ «አላህ አውፍ ይበልሽ» አሏት። «የኔን ግን ጠብቂ። እኔ ገና ነኝ።»

ሳሊሃ ቀሚሱን ከነሻሹ አጥባ፣ አጥር ላይ አድርቃ፣ አጣጥፋ ሳጥናቸው ላይ አኖረችው። ፈንታሁንን ጠርታ ያለ ቀሚሱ ልታልብ እንደምትፈልግ ስትነግረው ላሟ እንደምትጉላላ አልደበቃትም። ግን ከላሟ ጋር ቀን ቀን በረት ውስጥ ተቀመጪ፣ ስትታለብ የምትበላውን ገፈራ በእጅሽ ስጪያት፣ እጅሽን ታሽት፣ በራስሽ ድምፅ አነጋግሪያት አላት። ስለ እትዬ ሐዋም ሲሰማ፣ አላወቀቻቸውም አይባልም አለ፤ ድምፃቸውን ታውቀዋለች፣ ጠረናቸው ነው ከድምፃቸው ጋር አልገጥም ያላት፤ በየቀኑ ደጇ ይቀመጡ፣ አፍንጫዋ ይለምዳቸዋል።

ዳልቻ ጥቂት ጥቂት ነበር የምትሰጣት። አንዳንድ ቀን ግሬራው ባዶውን ይመለሳል፤ ሳሊሃ ጡቷን በለብ ያለ ውኃ እያሸች ታመሻለች። እትዬ ሐዋ በየጠዋቱ በብረት ድጋፋቸው እየወጡ በረቱ ደጃፍ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አያዙም፣ አይመክሩም። ዳልቻ መጀመሪያ እፍ ትልባቸው ነበር፤ ኋላ ታያቸው ጀመር፤ ወር ሊሞላ ሲቃረብ አንገቷን ዘርግታ ቅባት የተቀባ መዳፋቸውን ላሰችው። እትዬ ሐዋ እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። ሳሊሃ ያንን ያየች መስላ መታየት ስላልፈለገች ወደ ጥጃው ዞረች።

ውኃም ማታ ማታ መጠጣት ጀመሩ። ሌሊት ሲፈልጓት ግን በድምፃቸው አይጠሯትም፤ የብረቱን እግር ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ሳሊሃ በአንደኛው ትነሳለች። ስሟን ቢጠሯት ምን ያህል ደስ እንደሚላት ልትነግራቸው አትችልም።

ረውዳ አንድ ቀን ከሌሎች ሴቶች ጋር መጥታ እስቲ ያቺን ነገር አሳዪያቸው አለቻት። ሳሊሃ ተይኝ አለቻት። ረውዳ ቀልድ መስሏት ስትጎተጉታት ትታቸው ቤት ገባች። ረውዳ ተቀየመቻት፤ ለብዙ ቀን በአጥሩ በኩል ሰላም አላለቻትም። ሳሊሃ ልታስረዳት አልሞከረችም። ምክንያቱን መናገር ነገሩን እንደገና ማድረግ ነበር የሚሆንባት።

አረጋሽ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ደርሰው አያውቁም። እትዬ ሐዋም አልጠየቁም። በኅዳር ሳሊሃ ትንሽ ወተት በጆግ ይዛ ቤታቸው ሄደች። አረጋሽ በሩን ከፍተው ወተቱን አይተው አልተቀበሉም።

«በምን ዓይኔ ልያት?» አሉ። «አንቺስ ልጅ ነሽ። እኔ አብሬያት ያረጀሁት፣ አብሬሽ ሳቅሁ።»

 ሳሊሃ፣ እኔም ያን አድርጌ ከዚያው ቤት ነው የማድረው አለቻቸው። አረጋሽ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ።

እትዬ ሐዋ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። አረጋሽን ሲያዩ የት ጠፍተሽ ከረምሽ አሏቸው፤ አረጋሽ ኩታበር እህታቸው ዘንድ ሰንብተው እንደነበር ተናገሩ። ሁለቱም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። እትዬ ሐዋ የኩታበር ባቄላ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። አረጋሽ ውርጭ እንደመታው ነገሯቸው። እትዬ ሐዋ ሌላ ዓመት እንዲህ ሆኖ እንደነበር አነሱ፤ ማን ማን ተቸግሮ እንደነበር፣ ማን ዘር እንዳበደረ።

ሳሊሃ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ልትወጣም ልትገባም አልሆነላትም።

«ምን ያቆምሻል?» አሏት እትዬ ሐዋ። «ቁጭ በይ እንጂ።»

ሳሊሃ ከአረጋሽ ጎን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። አረጋሽ ወለሉን ያያሉ፤ እሷም ወለሉን አየች። እትዬ ሐዋ ስለ ባቄላው ቀጠሉ።